የቤት ራውተርን ለልጆች ደኅንነት ማስተካከል፦ ለሐዋሳ ወላጆች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በሐዋሳ የፋይበር መስመር ወይም በሲም ካርድ የሚሠራ የዋይፋይ ራውተር የገባበት ቤት ሁሉ፣ ልጆችን ከጎጂ ይዘትና ሌሊቱን ሙሉ ስክሪን ላይ ከማፍጠጥ የሚጠብቅ መሣሪያ አብሮ ገዝቷል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ራውተር ባለሙያው ተክሎት በሄደበት ሁኔታ፣ ቅንብሩ ሳይነካ ለዓመታት ይቀመጣል። ይህ መመሪያ አንድ ወላጅ፣ የኮምፒውተር ሙያ ባይኖረውም፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሰው የሚችለውን ሥራ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ብዙ ወላጆች ቁጥጥር ሲባል ቶሎ የሚታሰባቸው መጥፎ ድረ ገጾችን መዝጋት ነው፤ እኔ ግን ከማጣሪያው በፊት የሰዓት ገደቡ፣ ከሰዓት ገደቡም በፊት ራውተሩን በእጅ ማስገባቱ ይቀድማል እላለሁ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ማጣሪያው በወጉ ቢሠራ እንኳ በቀላሉ ይታለፋል።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ልጆቹን ሰብስበው ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡና ለምን እንደሆነ ይንገሯቸው። ዋይፋዩ በድንገት የተቋረጠበት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ሐሳቡ መውጫ ቀዳዳ መፈለግ ነው፤ ሰዓቱን አብሮ የወሰነ ልጅ ግን ቢከፋውም ገደቡ ከየት እንደመጣ ያውቃል፣ ለትምህርት ተጨማሪ ሰዓት ሲያስፈልገውም መጥቶ ይጠይቃል። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ «ማታ ዋይፋዩም ይተኛል» ብሎ መንገር ይበቃል።

አንደኛ፦ ራውተሩን በእጅ ማስገባት

ራውተሩን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት ይመልከቱ። እዚያ ላይ የዋይፋዩ ስም፣ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል፣ የራውተሩ አድራሻና ወደ ቅንብሩ መግቢያ የሆነው የተጠቃሚ ስም ከነይለፍ ቃሉ ታትመው ይገኛሉ። አድራሻው በአብዛኛው ከ192.168.1.1፣ ከ192.168.0.1 ወይም ከ192.168.100.1 አንዱ ነው፤ የመጨረሻው በብዙ የሁዋዌ የፋይበር ሞደሞች (ቤቱን ከአገልግሎት ሰጪው መስመር ጋር የሚያገናኙ ሣጥኖች) ላይ የሚታይ ነው። ወረቀቱ ተልጦ ከሆነ፣ ስልክዎን ከዋይፋዩ ጋር አገናኝተው በዋይፋይ ቅንብር ውስጥ የኔትወርኩን ስም ሲጫኑ «ጌትዌይ» ወይም «ራውተር» ከሚለው ቃል አጠገብ የሚያዩት ቁጥር እርሱ ነው። ቁጥሩን በብሮውዘሩ ላይኛ ሳጥን ውስጥ፣ የድረ ገጽ ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ ይጻፉና ይክፈቱት።

ከገቡ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ሁለት የይለፍ ቃሎችን መቀየር ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውንም ልብ ይበሉ። አንደኛው ወደ ራውተሩ ቅንብር የሚያስገባው ሲሆን ከወላጆች በቀር ማንም ሊያውቀው አይገባም። ሁለተኛው ስልኮች ከዋይፋዩ ጋር የሚገናኙበት ነው። ብዙ ቤት ውስጥ የሚቀየረው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ራውተሩን ገልብጦ ወረቀቱን ማንበብ የሚችል ልጅ ሁሉ ወላጆቹ ያበጁትን ገደብ በሁለት ደቂቃ ሊሰርዘው ይችላል። አዲሶቹን የይለፍ ቃሎች በደብተር ላይ ጽፈው ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ። በዋይፋዩ ጥበቃ ምርጫ ላይ «ደብሊው.ፒ.ኤ.2» ወይም «ደብሊው.ፒ.ኤ.3» መመረጡን ያረጋግጡ፤ በአንድ አዝራር ያለ ይለፍ ቃል የሚያገናኘውን «ደብሊው.ፒ.ኤስ» ደግሞ ያጥፉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት አንድ ነገር አለ። አገልግሎት ሰጪው ድርጅት የሚያቀርባቸው የፋይበር ሞደሞች በወረቀቱ ላይ በተጻፈው የተጠቃሚ ስም ሲገቡ ሁሉንም ማውጫ ላያሳዩ ይችላሉ፤ ሙሉ መብት ያለው መግቢያ በድርጅቱ እጅ ይሆናል። የወላጅ ቁጥጥር ወይም የዲ.ኤን.ኤስ (በአራተኛው ክፍል የሚብራራው የማጣሪያ ቅንብር) ማውጫ ካልታየዎት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለድርጅቱ ደውሎ መጠየቅ ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ በ994 ይደውሉ። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው የራስዎን ራውተር ገዝተው ከሞደሙ በስተኋላ መትከል ነው። በከተማው የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ከሚገኙት የቲፒ ሊንክና የቴንዳ ዓይነቶች መካከል የወላጅ ቁጥጥር ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ባለ ሱቁን «ፓረንታል ኮንትሮል» የሚለውን ማውጫ ከፍቶ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። አተካከሉ ቀላል ነው፤ የኔትወርክ ገመዱን አንድ ጫፍ ከሞደሙ «ላን» ቀዳዳ፣ ሌላውን ጫፍ ከአዲሱ ራውተር «ዋን» ቀዳዳ ይሰኩና የአሮጌውን ሞደም ዋይፋይ ያጥፉት። ይህ የመጨረሻው ድርጊት መዘንጋት የለበትም። የሞደሙ ዋይፋይ ሳይጠፋ ከቀረ ልጁ በአዲሱ ራውተር ላይ ገደቡን ሲያገኝ ወደ ድሮው ስም ተመልሶ ይገናኛል፤ አዲሱ ራውተር ስለዚያ ምንም አያውቅም።

ሁለተኛ፦ በቤቱ ያሉትን መሣሪያዎች መለየት

በራውተሩ ማውጫ ውስጥ «ኮኔክትድ ዲቫይስስ» ወይም «ክላይንትስ» በሚል ርዕስ፣ በዚያ ቅጽበት ከዋይፋዩ ጋር የተገናኙት መሣሪያዎች ይዘረዘራሉ። ዝርዝሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ግራ ያጋባል፤ አንዱ «ጋላክሲ» ይላል፣ ሌላው «አንድሮይድ» ብሎ ቁጥር ይከተለዋል፣ ሌላው ምንም ስም የለውም። የሚሻለው ዘዴ የሁሉንም ስልክና ታብሌት ዋይፋይ አጥፍቶ አንድ በአንድ መክፈት ነው፤ አንዱ ሲከፈት በዝርዝሩ ላይ የሚጨመረው መስመር የዚያ መሣሪያ ነው፣ ወዲያውኑ «የትልቁ ልጅ ስልክ»፣ «የሳሎን ቴሌቪዥን» ብለው ስም ይስጡት። በመጨረሻ ስም ያልተሰጠው መስመር ከተረፈ፣ ወይ የተረሳ መሣሪያ አለ፣ ወይም የይለፍ ቃሉ ከቤት ወጥቷል ማለት ነው። ስማርት ቴሌቪዥኑ እንዳይረሳ አደራ እላለሁ፤ የልጆቹን ስልክ የቆለፈ ቤት ዩቲዩብን በሃምሳ ኢንች ስክሪን ላይ ክፍት ትቶ ይተኛል።

ራውተሩ መሣሪያን የሚያውቀው ማክ አድራሻ በሚባል መለያ ነው፤ አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ የተሠሩ ስልኮች፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ደግሞ ከአይ.ኦ.ኤስ 14 ጀምሮ ያሉ አይፎኖች፣ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የተለየ የፈጠራ ማክ አድራሻ ያቀርባሉ። ይህ አሠራር በካፌና በሆቴል ዋይፋይ የሰውን እንቅስቃሴ ከመከታተል ስለሚጠብቅ ጠቃሚ ነው፤ በቤት ራውተር ላይ ግን ቁጥጥሩን ያፈርሰዋል። የራውተሩ 2.4 ጊጋኸርዝና 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋዮች የተለያየ ስም ካላቸው አንዱ ስልክ በሁለት የተለያዩ መለያዎች ይታያል፤ አንዱ ሲታገድ ሌላው ክፍት ይሆናል። ስለዚህ በልጁ ስልክ ላይ የዋይፋይ ቅንብሩን ይክፈቱ፣ የቤቱን ኔትወርክ ስም ይጫኑ፣ «ፕራይቬሲ» በሚለው ውስጥ ያለውን ምርጫ ከ«ራንደማይዝድ ማክ» ወደ «ዲቫይስ ማክ» ይቀይሩት፤ በአይፎን ላይ «ፕራይቬት ዋይፋይ አድሬስ» የሚለውን ያጥፉት። ይህንን ለቤትዎ ዋይፋይ ብቻ ያድርጉት፤ ለሌሎቹ እንደነበረ ይተዉት።

ራውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ጠንካራ አካሄድ አለ፤ ይኸውም ያልታወቀ መሣሪያ ሁሉ እንዳይገናኝ አድርጎ የተመዘገቡትን ብቻ መፍቀድ ነው። ልጁ የፈጠራ ማክ አድራሻውን መልሶ ቢያበራ ገደቡን አያልፍም፤ ጭራሹን ኢንተርኔት አያገኝም። ጉዳቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወላጁ መመዝገብ የሚኖርበት መሆኑ ነው፤ እንግዳ የሚበዛበት ቤት «ጌስት» የተባለውን የእንግዳ ኔትወርክ ከፍቶ የይለፍ ቃሉን ቶሎ ቶሎ ቢቀይር ይቀለዋል።

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ግቢ አከራይና ተከራይ አንዱን ዋይፋይ እየተካፈሉ ክፍያውን በጋራ የሚከፍሉበት ቤት ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ግቢ ለሁሉም አንድ ገደብ መጣል ጎረቤትን ያስቀይማል፤ ማታ የሚሠራ ሰው ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሦስት ሰዓት መስመሩ ሊቋረጥበት አይገባም። ስለዚህ ገደቡ በልጆቹ መሣሪያዎች ላይ ብቻ እንዲያርፍ ያድርጉ፣ ተከራዮቹንም በእንግዳው ኔትወርክ ለይተው ያስቀምጡ። የአንድሮይድ ስልኮች የዋይፋዩን የይለፍ ቃል በካሜራ በሚነበብ ምስል ለሌላ ስልክ ማጋራት ስለሚችሉ፣ ከልጆቹ ስልክ ወደ ጓደኛ ስልክ ቃሉ ያለ ጽሑፍ እንደሚተላለፍም ይወቁ።

ሦስተኛ፦ የሰዓት ገደብ

ይህ ከሁሉም እርምጃ የበለጠ ጥቅም የሚሰጥ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ማጣሪያን በቪ.ፒ.ኤን መተግበሪያ (ግንኙነቱን መስጥሮ በሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር በኩል በሚያሳልፍ) ማለፍ ይቻላል፣ ራውተሩ ራሱ ያቋረጠውን መስመር ግን ቪ.ፒ.ኤን አይቀጥለውም። ከዚህም ሌላ፣ ልጅ ከማያውቀው ሰው ጋር በምስጢር የሚጻጻፍበት፣ በቪዲዮ ተስቦ እንቅልፉን የሚያጣበትና የማይገባውን የሚያይበት ሰዓት በአብዛኛው ቤተሰብ የተኛበት ሰዓት ነው።

በቅንብሩ ውስጥ «ፓረንታል ኮንትሮልስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ በአንዳንድ የሁዋዌ ሞደሞች «ሴኪዩሪቲ» ከሚለው ሥር ይገኛል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መገለጫ ፈጥረው የልጁን መሣሪያዎች ሁሉ በውስጡ ያስገቡ። ቀጥሎ ሰዓት ይሞላል፤ ሰዓቱን ከመሙላትዎ በፊት ግን የራውተሩ የራሱ ሰዓት ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። «ሲስተም ታይም» በሚለው ማውጫ ውስጥ የሰዓት ቀጠናውን ጂ.ኤም.ቲ +03:00 ያድርጉ፤ አዲስ አበባ በዝርዝሩ ከሌለ ናይሮቢን ይምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ የሚያደርገውን «ኤን.ቲ.ፒ» የተባለ ምርጫም ያብሩት። በከተማችን መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ራውተሩ ከዜሮ ይነሣል፤ ብዙዎቹ ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ ስለሌላቸው ከኢንተርኔት እስኪያስተካክሉ ድረስ የቆየ ቀንና ሰዓት ይዘው ይቆያሉ። ኤን.ቲ.ፒ ካልበራ ገደቡ መብራት በጠፋ ማግስት በቀትር ሊሠራ፣ በሌሊት ሊከፈት ይችላል፤ ወላጁም «ይህ ነገር አይሠራም» ብሎ ሊተወው ይችላል።

ራውተሩ የሚያውቀው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። የእኛን የቀን ሰዓት ወደዚያ ለመቀየር 6 ይደምሩ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት 15:00፣ ምሽት 12 ሰዓት 18:00 ይሆናል። ለሌሊት ሰዓት 18 ይደምሩ፣ ድምሩ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 24 ይቀንሱ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት 21:00፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት 00:00፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት 03:00፣ ንጋት 12 ሰዓት 06:00 ይሆናል። በራውተሩ ላይ «9:00» ብሎ የጻፈ ወላጅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት መጻፉን ሳያውቅ፣ ልጁ ማታ ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ ግራ ይገባዋል።

ቀኑም እንደ ሰዓቱ ነው። እኛ «ዓርብ ሌሊት 7 ሰዓት» የምንለው ለራውተሩ ቅዳሜ 01:00 ነው፤ የራውተሩ ቀን በሌሊት 6 ሰዓት ይቀየራልና። አንዳንድ ራውተሮች ከ21:30 እስከ 06:00 ብለው ሲሞሉ መነሻው ከመድረሻው ይበልጣል ብለው አይቀበሉም። ያን ጊዜ ገደቡን ለሁለት ይክፈሉት፤ አንዱን ከ21:30 እስከ 23:59፣ ሌላውን ከ00:00 እስከ 06:00 አድርገው ይሙሉ። ለትምህርት ቀናት ብቻ ገደብ ሲያበጁ የመጀመሪያው ክፍል ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ መሆን አለበት። የእሑድ ምሽት ገደብ ሰኞ ጠዋት ለሚነሣው ተማሪ መሆኑን እያሰቡ ከሞሉት አይሳሳቱም። ሞልተው ሲጨርሱ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አንዴ ያንብቡት፤ ከዚያም አስቀምጡ የሚለውን «ሴቭ» መጫንዎን ያረጋግጡ፣ ብዙ ራውተር ሳይቀመጥ ከገጹ ቢወጡ አያስጠነቅቅም።

ለምሳሌ የስምንት ዓመትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ያሉበትን አንድ ቤት እንውሰድ። ለትንሹ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ማለትም ከ20:00 ጀምሮ፣ ለትልቁ ከ3 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም ከ21:30 ጀምሮ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ይዘጋል። ዓርብና ቅዳሜ ምሽት ለትልቁ አንድ ሰዓት ይጨመርለታል። በፈረቃ የሚማር ልጅ ከሆነ ግን የቀኑም ሰዓት መታሰብ አለበት፤ ከሰዓት በኋላ የሚማር ልጅ ወላጆቹ ሥራ በሄዱበት ጠዋቱን ሙሉ ብቻውን ቤት ይሆናል፣ ስለዚህ ከ08:00 እስከ 10:00 ዘግቶ ለጥናት ማዋል ይቻላል። በዚህ ላይ ያለኝ ሐሳብ አንድ ነው፦ ገደቡ ልጁ በእርግጥ ሊያከብረው በሚችለው መጠን ይሁን። የቤት ሥራ በቴሌግራም የሚልክ ትምህርት ቤት ካለ፣ የቤት ሥራው በሚመጣበት ሰዓት መስመሩ ክፍት መሆን አለበት።

አራተኛ፦ ማጣሪያ

በአሮጌ መመሪያዎች ውስጥ ወላጆች የመጥፎ ድረ ገጾችን ስም አንድ በአንድ እንዲጽፉ፣ ወይም መጥፎ ቃላትን እንዲመዘግቡ ይመከሩ ነበር። ይህ ዛሬ ጊዜ ማባከን ነው። አብዛኛው ድረ ገጽ የተመሰጠረ ግንኙነት ስለሚጠቀም ራውተሩ የገጹን ይዘትም ሆነ በውስጡ ያሉትን ቃላት አያይም፤ የሚያየው ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደሚሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው ዲ.ኤን.ኤስን መቀየር ነው። ዲ.ኤን.ኤስ የድረ ገጽን ስም ኮምፒውተሮች ወደሚረዱት ቁጥር የሚቀይር አገልግሎት ነው፤ ለቤተሰብ የተዘጋጁት ዲ.ኤን.ኤሶች የወሲብ ድረ ገጾችን ስም ሲጠየቁ ቁጥሩን አይሰጡም፣ በመሆኑም ገጹ አይከፈትም።

ያለ ክፍያ የሚያገለግሉና በሰፊው የታወቁ ምርጫዎች አሉ። የክላውድፌር የቤተሰብ ዲ.ኤን.ኤስ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን የወሲብ ይዘትንና ተንኮል አዘል ድረ ገጾችን ይዘጋል። የኦፕን ዲ.ኤን.ኤስ ፋሚሊ ሺልድ 208.67.222.123 እና 208.67.220.123 ነው። ክሊን ብራውዚንግ 185.228.168.168 እና 185.228.169.168 ሲሆን ከመዝጋት አልፎ የጉግልን ፍለጋና ዩቲዩብን በጥንቃቄ ሁኔታ ብቻ እንዲሠሩ ያስገድዳል፤ የቪ.ፒ.ኤንና የፕሮክሲ ድረ ገጾችንም ይዘጋል። ትንንሽ ልጆች ብቻ ላሉበት ቤት ይህን የመጨረሻውን እመርጣለሁ፤ አዋቂዎችም በአንድ መስመር ለሚጠቀሙበት ቤት ግን የክላውድፌሩ ይቀላል። 8.8.8.8 የተባለው የጉግል ዲ.ኤን.ኤስ ምንም ነገር አያጣራም፤ ከማጣሪያዎቹ አንዱን በመጀመሪያው ሳጥን፣ 8.8.8.8ን በሁለተኛው ሳጥን መጻፍ ማጣሪያውን ያፈርሰዋል፣ ሁለቱም ሳጥኖች ከአንድ አገልግሎት መሆን አለባቸው።

ቁጥሮቹን የሚጽፉት «ዲ.ኤች.ሲ.ፒ ሰርቨር» በሚለው ማውጫ ውስጥ «ፕራይመሪ ዲ.ኤን.ኤስ» እና «ሰከንደሪ ዲ.ኤን.ኤስ» በተባሉት ሳጥኖች ነው። አስቀምጠው ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ፤ የልጆቹንም ስልኮች ዋይፋይ አጥፍተው ያብሩ፣ አለዚያ የድሮውን ቁጥር ይዘው ይቆያሉ። አይ.ፒ.ቪ6 የተባለው አዲሱ የአድራሻ ዓይነት በራውተሩ ላይ በርቶ ከሆነ፣ ስልኩ በዚያ በኩል ሌላ ዲ.ኤን.ኤስ ሊያገኝ ስለሚችል፣ የማያስፈልግ ከሆነ ቢጠፋ ይሻላል።

አምስተኛ፦ መፈተሽና ቀዳዳዎችን መድፈን

ልጆቹ በሌሉበት ጊዜ የልጁን መሣሪያ ይዘው፣ ሊዘጋ የሚገባውን አንድ ድረ ገጽ ለመክፈት ይሞክሩ፤ መከፈት የለበትም። ቀጥሎ የሰዓት ገደቡን ለጊዜው ከአሁኑ ሰዓት በኋላ አምስት ደቂቃ ላይ እንዲጀምር አድርገው መስመሩ መቋረጡን ይመልከቱ። አንዳንድ ራውተር ገደቡ ሲደርስ አዲስ ግንኙነት ይከለክልና የተጀመረ ቪዲዮ እስኪያልቅ ይተወዋል፤ ይህንን አስቀድሞ ማወቅ ከልጁ ጋር ከመከራከር ያድናል።

ከዚያ መውጫ መንገዶቹን አንድ በአንድ ያስቡ። ሰፊው የሞባይል ዳታ ነው። ልጁ በስልኩ ሲም ካርድ አለው፣ በቴሌብር የዳታ ጥቅል መግዛትም ይችላል እንበል፤ ራውተሩ ላይ የሠሩት ሁሉ በዚያ ስልክ ላይ አይደርስም። የታናሽ ልጅ ስልክ ሲም ባይኖረው፣ የታላቁ ደግሞ ጥቅሉን ወላጅ ቢገዛለት ጥሩ ነው። የታላቅ ወንድም ስልክ በሆትስፖት ለታናሹ መስመር እንደሚሰጥም አይርሱ። ከዚህ ሌላ የጎረቤት ዋይፋይ አለ፣ ሐይቅ ዳር ያሉ ሆቴሎችና ካፌዎች ዋይፋይ አለ። ለእነዚህ ሁሉ መልሱ ከራውተሩ ውጭ፣ በስልኩ ላይ የሚደረግ ቁጥጥር ነው፤ በአንድሮይድ የጉግል ፋሚሊ ሊንክ፣ በአይፎን ስክሪን ታይም የተባለው ከልጁ ጋር አብሮ ይሄዳል። እዚያ ላይ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው መተግበሪያ ለመጫን የወላጅ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ማድረግ ነው፤ ቪ.ፒ.ኤን የሚገባው በዚያ በር ነውና።

ከአንድሮይድ 9 ወዲህ ባሉ ስልኮች «ፕራይቬት ዲ.ኤን.ኤስ» የሚባል ምርጫ አለ። «አውቶማቲክ» ላይ ከሆነ ችግር የለውም፤ የሌላ አገልግሎት ስም ከተጻፈበት ግን ስልኩ የራውተሩን ማጣሪያ ትቶ ያልፋል። በክሮምና በፋየርፎክስ ውስጥም «ሴኪዩር ዲ.ኤን.ኤስ» የሚባል ተመሳሳይ ምርጫ ስላለ በልጁ ስልክ ላይ አብረው ይመልከቱት።

የመጨረሻው ቀዳዳ በራውተሩ ጀርባ ያለችው ትንሽ «ሪሴት» ቀዳዳ ናት። በመርፌ ለአሥር ሰከንድ ያህል ከተጫኗት ራውተሩ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል፣ ገደቡም ማጣሪያውም ይጠፋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የዋይፋዩ ስም ወረቀቱ ላይ ወደታተመው ስም ይመለሳል። ራውተሩ በወላጆች መኝታ ቤት፣ አየር በሚያገኝበት ከፍ ያለ ቦታ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ራውተር የማይደርስበት

ለልጆቻችን ትልቁ አደጋ ዛሬ ያለው ራውተሩ ከሚያያቸው ድረ ገጾች ይልቅ በቴሌግራምና በቲክቶክ ውስጥ መሆኑን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ የሚሠራጭ ጎጂ ይዘት በቴሌግራም ቻናል ውስጥ ካለ፣ ለራውተሩ የሚታየው «ቴሌግራም» ብቻ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ቡድንና መጥፎውን ቻናል መለየት አይችልም። ስለዚህ በልጁ ቴሌግራም ላይ «ፕራይቬሲ» ውስጥ ገብተው ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያይ፣ ወደ ቡድን የሚያስገቡትም የሚያውቃቸው ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ ያድርጉ። ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አልተፈቀደም፤ ከዚያ በላይ ላለ ልጅ «ፋሚሊ ፔሪንግ» የተባለው አሠራር የወላጅን አካውንት ከልጁ ጋር ያገናኛል።

ልጅዎን ማንም ሰው ፎቶ ከጠየቀው፣ ካስፈራራው ወይም ገንዘብ ከጠየቀው፣ ከሁሉ በፊት ልጁን አይቆጡት፤ ስልኩን የሚቀማበት መስሎት የደበቀው ነገር ነው ከባዱን ጉዳት የሚያመጣው። መልእክቶቹን ሳይሰርዙ በስክሪንሻት ያስቀምጡ፣ የላኪውን ስምና አካውንት ይመዝግቡ፣ ከዚያ አካውንቱን ያግዱትና ለፖሊስ ያመልክቱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በልጆች ላይ የሚፈጸመውን እንዲህ ያለ ድርጊት በወንጀልነት ይደነግጋል።

ቅንብሩን ማቆየት

ሁሉም ከተሠራ በኋላ «ባክአፕ» በሚለው ማውጫ የራውተሩን ቅንብር በፋይል አውርደው በኮምፒውተርዎ ያስቀምጡ። ራውተሩ ሪሴት ቢደረግ ወይም በመብራት መዋዠቅ ቢበላሽና በተመሳሳይ ሞዴል ቢተካ፣ ፋይሉን መልሶ በመጫን ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል። የራውተሩን ሶፍትዌር ማደሻ «ፈርምዌር» በየጊዜው ይመልከቱ፤ ከታደሰ በኋላ የወላጅ ቁጥጥሩ እንደነበረ መሆኑን ያረጋግጡ። ትምህርት ቤት በሰኔ ሲዘጋ ሰዓቱን ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው ለክረምቱ ያስተካክሉት፤ መስከረም ላይ ወደ ትምህርት ቀናት ገደብ ይመልሱት፣ በዚያው አጋጣሚም የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ከፍተው ስም የሌለው መስመር መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ።